ሽማግሌ የማታስወርድ መኪና

ሌንጂሳ አረፈ ሲሉኝ መጀመሪያ ከአፌ ያመለጠው ነገር «ታዲያ መኪናዋን ማን ሊያስነሳት ነው?» የሚል ነበር። ባለቤቴ ገላመጠችኝ። ሰው ሲሞት እንዲህ ይባላል እንዴ? አይባልም። ግን አምቦ ውስጥ ሌንጂሳን የሚያውቅ ሰው ቢሰማኝ ኖሮ አይቆጣኝም ነበር፤ ያቺን ነጭ ዲኤክስ ከእሱ ለይቶ የሚያስባት ሰው የለም። ደግሞም ቁልፍ ስላዞሩ ብቻ የምትነሳ መኪና አልነበረችም። ነዳጁን ረገጥ፣ ለቀቅ፣ እንደገና ረገጥ፣ ትንሽ ጠበቅ፣ ከዚያ ቁልፍ። ይሄን ሥርዓት የሚያውቁት እሱና ሚስቱ ብቻ ናቸው።

ከዚያ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ጓደኛዬ ነበር፤ በጣም እወደው ነበር። አሁን ስለ እሱ ልጽፍ ስቀመጥ ግን ሳቁ እየቀደመኝ ተቸግሬያለሁ። ምን ላድርግ? የሌንጂሳን ነገር አንስቶ ሳይስቅ የሚጨርስ ሰው አይቼ አላውቅም።

ጋራዡ ከሁሉቃ ወንዝ ድልድይ አለፍ ብሎ ነበር። ሰማያዊ ቱታ ይለብሳል፤ ከቱታው ሥር ግን ሁልጊዜ ሸሚዝና ክራባት አለ። ለምን ሲባል «ደንበኛ እንግዳ ነው፤ እንግዳን ደግሞ ዝም ብዬ አልቀበልም» ይላል። ክራባቱ ግሪስ ከመጥገቡ የተነሳ ቀለሙ ምን እንደነበረ ራሱም ረስቶታል። ጉራ ይወዳል። ሲስቅም ጮክ ብሎ ነው፣ ሲያዝንም ጮክ ብሎ ነው። ከሥራ በኋላ ደግሞ ቱታውን አውልቆ የቤተ ክርስቲያናችንን መዘምራን ይመራል። እኔ እዚያ በባስ ድምፅ እዘምር ነበር። ስለ እኔ ማወቅ ያለባችሁ ተሾመ እንደምባል፣ ዞን ቢሮ ፋይል ሳገላብጥ የምውል ሰው እንደሆንኩና ወፍራም እንደሆንኩ ነው። ውፍረቴ ታሪኩ ውስጥ ስለሚገባ ነው የነገርኳችሁ።

ሌንጂሳ አመልካች ጣቱን ብድግ ካደረገ ዓለም ሁሉ ዝም ማለት አለበት። ልምምድ ላይ አንድ ሰው ከዜማው ሲወጣ ጣቱ ብድግ ይላል፤ ጋራዥ ውስጥም እንዲሁ። ጸሎት ላይ ሆነን እንኳ በውጭ ሚኒባስ ሲያልፍ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ ጣቱን ያነሳና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ሦስተኛዋ ታማለች» ይለኛል። ሦስተኛዋ ፒስቶን ማለቱ ነው። አራቱ ፒስቶን ለእሱ አራቱ ድምፆች ናቸው፤ ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴነር፣ ባስ። «አራተኛዋ ቁርጥ አንተን ናት፤ ትዘገያለች፣ ከመጣች ግን ቤቱን ትሞላዋለች» ይለኝ ነበር። ምስጋና ይሁን ስድብ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

መዘምራኑን ሲያሠለጥን ከአፉ የማይጠፋው ቃል «ትንፋሽ!» የሚለው ነው። «ትንፋሽ! ከሆድ! ከጉሮሮ አይደለም፣ ከሆድ!» ብሎ በጡጫ የራሱን ሆድ ይመታል። ሠርግ ላይ፣ ጉባኤ ላይ፣ አንዴ እንዲያውም ቀበሌ ተራ ስንጠብቅ የደከመኝ መስሎት «ትንፋሽ፣ ተሾመ! ከሆድ!» ብሎ ሰው ሁሉ እንዲያየኝ አድርጓል።

ሃምሳ ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ገና አላገባም ነበር። የምንጠይቀው ሁሉ «መጀመሪያ መኪናዋን ልጨርስ» ይለናል። ዲኤክሷን የገዛት ባኮ ከሚኖር ጡረተኛ ነው። ባኮ ቆላ ነው፣ መንገዱም ለጥ ያለ ነው፤ እዚያ ሙሽራ ነበረች አሉ። አምቦ ስትመጣ ግን ዳገት ባየች ቁጥር እንደ እኔ ታለከልክ ጀመር። አሮጌ ናት፣ ሞተሯም ትንሽ ናት፤ ሌላ ሰው ቢሆን ሸጦ ይገላገላት ነበር።

ኮሮና ከመምጣቱ በፊት ሸነን በምትባል ደጋ ከተማ የመዘምራን ጉባኤ ነበር። የእኛና የሸነን መዘምራን አብረን ስንለማመድ ሌንጂሳ ጣቱን አነሳና «አልቶ ዘገየ!» አለ። ከሸነኖቹ አልቶዎች መሐል አንዲት ጠይም፣ ረዘም ያለች ሴት «አልቶ አልዘገየም። አንተ ነህ የፈጠንከው» አለችው። ሲስተር ወርቂቱ ትባላለች፣ የሸነን ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ሌንጂሳን እንዲህ ብሎት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጣቱ አየር ላይ እንደተሰቀለ ቀረ። «እንደገና» አለ። እንደገና ዘመርን። የፈጠነው እሱ ነበር።

ስንመለስ እስከ አምቦ አንድ ቃል አልተናገረም። እኔማ ታመመ ብዬ ነበር። ቤቴ በር ላይ ሲያወርደኝ መሪውን እንደጨበጠ «ተሾመ፣ ሽማግሌ ትሆነኛለህ?» አለኝ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆንን። አፈ ጉባኤያችን ኦቦ ፈይሳ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር፣ ከዘራቸውንና ነጭ ጋቢያቸውን ይዘው ሲራመዱ መንገዱ ራሱ የሚያከብራቸው ሰው። ሁለተኛው ጋሽ በላቸው ናቸው፤ እህል ነጋዴ፣ ኦርቶዶክስ፣ ኦሮምኛውን ከሁላችንም አስበልጠው የሚያሳምሩት። ሦስተኛው እኔ። ሚኒባስ እንከራይ ብዬ ነበር። ሌንጂሳ የሰደብኩት ይመስል ዓይኑን አፈጠጠ።

«በሰው መኪና? ነገ ወርቂቱ ስታገባኝ የምትሳፈረው በማን መኪና ነው? በራሴ ነው የምልካችሁ፣ ራሴው ነኝ የምነዳው!»

ሽማግሌ የሚሄደው ማለዳ ነው፤ አባወራው ወደ እርሻው ሳይወጣ። ደጅ ላይ ቆሞ፣ ጉሮሮ ጠርጎ፣ ግቡ እስኪባል ይጠብቃል። የወርቂቱ አባት የኦቦ ጉተማ ቤት ደግሞ ልክ ሸነን ሊገባ ሲል ካለው ዳገት ጫፍ ላይ ነው። ከግቢያቸው ሆኖ ቁልቁል ያየ ሰው መንገዱን በሙሉ ያያል። ዝናቡ ገና መውጣቱ ነበር፤ ጭቃው አልደረቀም።

ዳገቱ መሐል ላይ መኪናዋ ቆመች። አንዴ አቃሰተች፣ ከዚያ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ምን ይደረጋል? ወረድን። ኦቦ ፈይሳ ጋቢያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ ጋሽ በላቸው እያማተቡ፣ እኔ ከኋላ ሆዴን የመኪናዋ የኋላ ኮፈን ላይ ጥዬ፣ ሦስት ለጋብቻ የተላክን ሽማግሌዎች መግፋት ጀመርን። ጎማው ጭቃውን ፊታችን ላይ ይረጨዋል። ይባስ ብሎ ሌንጂሳ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ምን ቢለን ጥሩ ነው? «ትንፋሽ! ከሆድ!» ኦቦ ፈይሳ በሕይወታቸው እንደዚያ ቀን ተቆጥተው የሚያውቁ አይመስለኝም።

ቀና ስል ኦቦ ጉተማ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከግቢያቸው ያዩናል።

ሥርዓት የሚያውቁ ሰው ናቸው። አስገቡን፣ ውኃ አስመጡልን፣ እርጎ አቀረቡልን። ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ድንቹ ተጨዋወትን። ኦቦ ፈይሳ የመጣንበትን አሳምረው ተናገሩ። ኦቦ ጉተማ እስከ መጨረሻው አዳምጠው እንዲህ አሉ፦

«ያመጣችሁት ቃል መልካም ነው። ሰውየውም ጥሩ ዘማሪ ነው ይሉኛል። ነገር ግን እኔ ከዚህ ሆኜ አይቻለሁ። እናንተን የሚያህሉ ሽማግሌዎች ጭቃ ውስጥ ያስገፋ ሰው ልጄን ምን ሊያስገፋት ነው? አልቆጣሁም። ኮታ፣ ኑ፣ ተመልሳችሁ ኑ። ግን ተቀምጣችሁ ኑ።»

ሌንጂሳ አጥሩ ሥር ተሸሽጎ ይጠብቀን ነበር። ነገርነው። እኔ ያለቅሳል ብዬ ስጠብቅ እሱ መኪናዋን አተኩሮ ያያል። «ጉልበት አይደለም ያጠራት» አለ። «ትንፋሽ ነው።»

እሱ እንዳስረዳኝ ላስረዳችሁ። ሸነን ከአምቦ ከፍ ትላለች፣ ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ አየሩ ይሳሳል። ሞተር ነዳጅ ብቻ አይደለም የሚበላው፣ አየርም ይፈልጋል። ዲኤክሷ አየር የምትስበው በጠባብ አፍንጫ ነው፣ የምታስወጣውም በጠባብ ጉሮሮ። ስለዚህ ሞተሯን ፈታቶ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፋት። የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታ የሚሉትን፣ ቶርኖ ቤት ወስዶ ከሥሩ አስላጨው፤ ነዳጁና አየሩ በጠበበ ቦታ ታምቆ በኃይል እንዲፈነዳ ነው። ከተገለበጠ ፒክአፕ ላይ ትልቅ ካርቡሬተር ነቅሎ አመጣ። ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ፣ ቫልቮቹ ተከፍተው ቆየት እንዲሉ አድርጎ አስሞረደው። አየር የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት በእጁ ያለሰልስ ጀመር። መዝሙር ልምምድ ላይ ሳይቀር ጭኑ ላይ ጨርቅ ዘርግቶ ይፈገፍጋል፤ ሶፕራኖዎቹ ሲሳሳቱ መፈግፈጉን ያቆምና ጣቱን ያነሳል። በመጨረሻ የጭሱን ቧንቧ ድምፅ የሚያፍነውን ማርሚታ ቆርጦ ጣለው። «አፏን እንደታፈነች ነበር እኮ የኖረችው!» እያለ ያዝንላታል።

«ስንት የፈረስ ጉልበት ጨመርክላት?» አልኩት።

«ፈረስ ሸነን ዳገት ላይ ምን ሊሠራልኝ? እኔ የምቆጥረው በሽማግሌ ነው። ሦስት ሽማግሌ ትችላለች፤ አንተ ስላለህበት ደግሞ ሦስት ተኩል አድርጌያታለሁ።»

ያስነሳት ቀን መዘምራኑን በሙሉ ጋራዥ ሰበሰበን። የካቻቢቴውን እጀታ ጆሮው ላይ፣ ጫፉን ሞተሩ ላይ አድርጎ እያንዳንዷን ፒስቶን ያዳምጣል፤ ኪቦርድ ተጫዋቹ ቃና እንዲሰጠው ያዛል። «ሶፕራኖ ደህና ናት። አልቶ ደህና። ባስ... ባስ እንደ ልማዱ።» ከዚያ እግሩን ከነዳጁ ላይ ሲያነሳ መኪናዋ ተንቀጥቅጣ ጠፋች። እንደገና አስነሳት፣ እንደገና ጠፋች። ለካ ለዳገት ብሎ ትንፋሿን ሲያሰፋው ቆሞ መጠበቅና ቀስ ብሎ መሄድ አልችልም ብላለች። ገበያ መሐል ባጃጆቹ ሲከቧት በየአሥር ሜትሩ ትጠፋለች፤ አምቦ በሙሉ ሳቀበት። «ቆማ መዘመር አትችልም ማለት ነው» አልኩት። «ቆማ እንድትዘምር አይደለም የሠራኋት!» አለና ወደ ዳገት ወሰደኝ። ወይ ጉድ! ወንበሩ ጀርባዬን ነው የገፋኝ። «ያ ጎፍታ!» ብዬ በኦሮምኛ ጌታን ስጣራ እሱ በሳቅ ሊሞት ነበር።

ሁለተኛው ጉዞ እንግዲህ በዚህች መኪና ነው። ያን ዳገት አንድም ሳታቃስት ወጣችው። ኦቦ ፈይሳ ከፊት በእጀታው ተንጠልጥለው፣ ጋሽ በላቸው የመላእክትን ስም ሁሉ ጠርተው ጨርሰው፣ ግን ተቀምጠን ደረስን። ድምፅዋ የሚያደነቁር ነበር፤ ማርሚታ የለም እኮ። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ተከትሎናል። ወረድን፣ ጋቢያችንን አስተካከልን፣ ደጁ ላይ ቆምን። ኦቦ ፈይሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አካም ቡልተን!» አሉ፣ እንዴት አደራችሁ ማለታቸው ነው። መልስ የለም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እሳቱ ይነዳል። ጠረጴዛው ላይ ሻይ ከነትኩሳቱ አለ። ሰው ግን የለም።

ብዙ ቆምን። በመጨረሻ ኦቦ ፈይሳ ከዘራቸውን አንስተው «በቃ፣ መልስ ተሰጥቶናል» አሉ። አባወራ ሽማግሌ ሲመጣ አይቶ ቤቱን ጥሎ ከወጣ፣ ያ እምቢታ ነው፤ ያውም ቃል የማያባክን እምቢታ። ወደ መኪናዋ ተመለስን። ሌንጂሳ ፊታችንን አይቶ መኪናዋን አስነሳ።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ሌንጂሳ ባላየው ይሻለኝ ነበር። ክራባት ማሰር ተወ። ልምምድ ላይ ቴነሮቹ ሆን ብለው ሁሉ ሲያበላሹለት ጣቱን አላነሳም። ሚኒባስ እያቃሰተ ሲያልፍ ዝም። አንጀቴን በላው። ሌላ ሴት አታገኝም ወይ የሚሉት ነበሩ፤ እኔ ግን ያን ቀን ሸነን ላይ «አንተ ነህ የፈጠንከው» ስትለው ፊቱን አይቼዋለሁ። ከእሷ ሌላ አልነበረም።

አንድ ቀን ከሰዓት ጋራዡ ውስጥ ተቀምጠን ሻይ ስንጠጣ ወርቂቱ ገባች። ለሥልጠና አምቦ መጥታ ኖሯል። ሰላምታ የለም፣ ምን የለም።

«ሽማግሌዎችህ ለምንድን ነው ጥለውን የሄዱት?»

ሌንጂሳ ከወንበሩ ተነሳ። «እናንተ ናችሁ እንጂ ጥላችሁ የወጣችሁት። ቤቱ ባዶ ነበር።»

«ባዶ? ጓሮ እንሰት ውስጥ ነበርን! አባቴ ያን ድምፅ ሲሰማ ፍሬን የበጠሰ የጭነት መኪና መጣባችሁ ብሎ ቤተሰቡን በሙሉ አስወጣ። አክስቴን ተሸክመናት ነው የሮጥነው! ስንመለስ የሽማግሌ ዱካ ብቻ። አባቴ እስከ ዛሬ 'ምን በደልኳቸው፣ ቆመው እንኳ ሳይጠብቁኝ' እያለ ይብሰለሰላል።»

እኔ ግድግዳ ይዤ ነው የሳቅኩት። ኦቦ ጉተማ፣ ያ ሁሉ ግርማ ሞገስ፣ እንሰት ውስጥ! ሌንጂሳ መጀመሪያ አፉን ከፍቶ ቀረ፣ ከዚያ እንባው እስኪፈስ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ የት ጋ ወደ ለቅሶ እንደተሻገረ አላወቅሁም። እሷም ሳቀች። ከዚያ ወደ መኪናዋ እያየች «አስነሳትና ክፈታት» አለችው።

ኮፈኑን ከፈተላትና አስነሳ። ወርቂቱ ከቦርሳዋ የልብ ማዳመጫዋን አውጥታ ጆሮዋ ላይ ሰካች፣ ጎንበስ ብላ ሞተሩ ላይ እዚህም እዚያም አስነካች። እኔና ሌንጂሳ ውጤት እንደሚጠብቅ በሽተኛ ቆመናል። «ሦስተኛዋ» አለች ቀና ብላ። «ትንሽ ታቃስታለች።»

ሌንጂሳ እኔን አየኝ። እንደዚያ ያለ ፊት ዳግመኛ አላየሁም። በደስታ አቅሉን ሳተ ነው የምለው።

«ማርሚታዋን መልስላት» አለችው። «አባቴ ሰባ አልፎታል፣ ሁለተኛ እንሰት ውስጥ አይሮጥም።»

«ትንፋሽ ታጣለች እኮ፣ ሲስተር!»

«ድምፃችሁን ቀንሳችሁ ዘምሩ ስትለን እኛ ትንፋሽ አጥተን እናውቃለን?» አለችና ቦርሳዋን አንስታ ሄደች። ማታውኑ ክራባቱን አስሮ አየሁት።

ሁለት አሮጌ ማርሚታ ጎን ለጎን በይዶ፣ ሰፋ ያለ ቧንቧ አበጀላት። ድምፅዋ ወረደ፣ ትንፋሿም ብዙ አልተነካም። ወርቂቱ ለአባቷ ነገሩን አስረድታ ቀን ተቆረጠ። ቀስ ብሎ መሄድ ያለመቻል አመሏ ግን እንዳለ ነው።

ሦስተኛው ጉዞ ደረሰ። ዳገቱን ጀመርነው። መጀመሪያ የቆምንባትን ቦታ ልናልፍ ስንል ከጎን የበሬና የላም መንጋ መጥቶ መንገዱን ሞላው። ሌንጂሳ እግሩን አነሳ። መኪናዋ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ከቆመች ትጠፋለች፤ ከጠፋች እንገፋለን፤ ከገፋን ጋብቻው አበቃ። ቀና ብል ኦቦ ጉተማ እዚያችው ቦታቸው ላይ፣ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። እኔ ከልምድ የተነሳ በሩን ከፍቼ አንድ እግሬን አውጥቻለሁ።

«ማንም እንዳይወርድ!» ብሎ ጮኸ ሌንጂሳ። «ተሾመ፣ በእግዚአብሔር፣ እግርህን አስገባ!»

አስገባሁ። ጋሽ በላቸው በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው በኦሮምኛ ከብቶቹን ይለምናሉ፣ ይገሥጻሉ፣ ይመርቃሉ። ማን ይሰማቸዋል? ያን ጊዜ ከላይ ፉጨት ተሰማ። ረጅም ፉጨት፣ ከዚያ ጥሪ፤ ኦቦ ጉተማ ናቸው። ከብቶቹ የራሳቸው ኖረዋል። መሪውን በሬ በስሙ ጠሩት። በሬው ጆሮውን አንቀሳቀሰ፣ ዞረ፣ ከመንገዱ ወጣ፤ ሌሎቹ ተከተሉት። መንገዱ ተከፈተ። ሌንጂሳ ረገጠ። እሷም ልትጠፋ አንድ ትንፋሽ ሲቀራት ሳበችና ተነሳች። እኔ ስጮህ፣ ኦቦ ፈይሳም፣ አዎ ኦቦ ፈይሳ ራሳቸው፣ የመኪናዋን ጣሪያ በከዘራቸው እየደበደቡ «ትንፋሽ! ከሆድ!» ሲሉ ሰማኋቸው።

ኦቦ ጉተማ ደጁ ላይ ወጥተው ተቀበሉን። ሦስታችንንም ከመኪናው ስንወርድ አንድ በአንድ አዩን፤ ጋቢያችን ነጭ ነው፣ ጫማችን ንጹሕ ነው። «ተቀምጣችሁ መጣችሁ» አሉ። ከዚያ በኋላ የተባለው ሁሉ ሥርዓት ለማድረስ ነው። እኔ መልሱን የሰማሁት በፉጨቱ ነበር።

ወርቂቱ አምቦ ተዛወረች። መንዳት አስተማራት፣ የአነሳሱን ሥርዓትም፤ ረገጥ፣ ለቀቅ፣ ረገጥ፣ ጠበቅ፣ ቁልፍ። እሷ ስትነዳ እሱ ከጎኗ ጣቱን አንስቶ ይቀመጣል። «ፈጠንክ» ትለዋለች፣ ገና አፉን ሳይከፍት። ስንት ሠርግ፣ ስንት ጉባኤ በዚያች መኪና ሄድን! «ማንም እንዳይወርድ» የምትለዋን ቃል ሕግ አደረጋት። አንድ ጊዜ ጎማ ፈንድቶ ኦቦ ፈይሳን ከነወንበራቸው በክሪክ ካላነሳሁ ብሎ ተሟግቷል። ኦቦ ፈይሳ በልመና ነው የወረዱት።

ታሞ ብዙ አልቆየም። የቀብሩ ዕለት ወርቂቱ «መኪናዋ ትከተለው» አለች። ሬሳው በትከሻ ነበር የሚሄደው፣ መዘምራኑ ከፊት፣ ሕዝቡ ከኋላ፤ እሷ መሪውን ይዛ በሰው እግር ልክ መከተል ያዘች። እንግዲህ ያቺን መኪና ታውቋታላችሁ። ጥቂት እንደሄደች ተንቀጥቅጣ ጠፋች። ወርቂቱ አስነሳቻት። ጠፋች። ለሦስተኛ ጊዜ ሞከረች፤ እምቢ አለች። ሰው ሁሉ ቆመ። ወደ መቃብሩ የሚወስደው ዳገት ገና ከፊታችን ነው።

ከአጠገቤ ከዘራ ጣሪያው ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ። ዞር ስል ኦቦ ጉተማ ናቸው። ከሸነን ለቀብሩ መጥተው ነበር፤ በጣም አርጅተዋል፣ ሰው ደግፏቸው ነው የሚቆሙት። ሁለት እጃቸውን የመኪናዋ የኋላ ኮፈን ላይ አሳረፉ።

«ዛሬስ እንገፋለን» አሉ።

ኦቦ ፈይሳ ከዘራቸውን ከእሳቸው ከዘራ ጎን አስቀመጡ። ጋሽ በላቸው መጡ። እኔ ሆዴን የድሮ ቦታው ላይ ጣልኩ። ለእሱ ብለን እንዳንገፋ ያን ሁሉ ለለፋው ሰውዬ ስንል መኪናዋን ገፋናት። ዳገቱ መሐል ላይ ስንደርስ ትንፋሽ አጠረን፤ እኔማ ልወድቅ ነበር። በዚያን ጊዜ ወርቂቱ በመስኮት አንገቷን አውጥታ፣ ፊቷ በእንባ ርሶ፣ በድምፅዋ ሁሉ «ትንፋሽ! ከሆድ!» ብላ ጮኸችብን። ቀብር ላይ እንደዚያ ተስቆ አያውቅም። መዘምራኑ መዝሙራቸውን አቋርጠው ሳቁ፣ እያለቀሱ ሳቁ፣ ከዚያ እንደገና ከሆዳቸው ዘመሩ።

ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ኦቦ ጉተማን ወደ ቤታቸው የምንሸኝበት ቀን ደረሰ። ወርቂቱ መሪው ጋ፣ አባቷ ከፊት፣ እኛ ሦስታችን ከኋላ ተጨናንቀን። ረገጠች፣ ለቀቀች፣ ረገጠች፣ ጠበቀች፣ ቁልፍ። ተነሳች። መንገዱን በሙሉ የሞተሯን አራት ድምፆች ስንሰማ ሄድን። የሸነን ዳገት ሥር ስንደርስ አምስት ሰው መሆናችንን አሰብኩና፣ አንደኛው ደግሞ እኔ ነኝ፣ እጄ ሳላስበው የበሩን እጀታ ያዘ።

ወርቂቱ ወደ ኋላ አልዞረችም። ጣቷን ብቻ ብድግ አደረገች።

«ማንም እንዳይወርድ» አለች።

እጄን መለስኩ። ተቀምጠን ደረስን።